በቤት ውስጥ ሲኒማ ያለሽቦ ስለሚሠሩ የዙሪያ ድምፅ ማጉያዎች አመራረጥ

በዛሬው ዘመን በብዙ ሰው ሳሎን ውስጥ የተከበረውን ስፍራ ይዞ የሚታየው ቴሌቪዥን ነው። መስታወቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ፣ ውፍረቱም እየቀጠነ ሄዷል፤ ነገር ግን በቀጠነ መጠን ድምፁ አብሮ ሳስቷል። ድምፅ አየርን ገፍቶ የሚሄድ ነገር ስለ ሆነ ለመነሣት ስፋት ያለው ሣጥን ይፈልጋል፤ በቀጭኑ ቴሌቪዥን ውስጥ የሚገባው ድምፅ ማጉያ ግን ትንሽ ከመሆኑ በቀር ብዙ ጊዜ ፊቱን ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል። ከዚህም የተነሣ ሥዕሉ እንደ ሲኒማ ቤት ሲያምር ድምፁ እንደ ድሮ ትንሽ ራዲዮ ሆኖ ይቀራል። ይህን ጉድለት ለመሙላት ብዙ ቤተ ሰብ የዙሪያ ድምፅ ማጉያ ለመግዛት ያስባል፤ ከእነዚህም መካከል ያለሽቦ የሚሠሩት ከሁሉ ይልቅ ተወደዋል። ዋጋቸው ግን ለአንድ ቤት ቀላል ስላይደለ፣ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ አስቀድሞ የቤቱ ጌታና እመቤቲቱ አብረው ሊመክሩበት የሚገባ ነገር ነው። በዚህ ገጻችንም ለዚሁ ምክር የሚረዳውን ልንገልጽ እንወዳለን።

በመጀመሪያ «ያለሽቦ» ስለሚለው ቃል እንናገር። አንድ ድምፅ ማጉያ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛው የሚናገረውን ድምፅ ማግኘት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሚናገርበትን ኀይል፣ ማለት ኤሌክትሪኩን ማግኘት ነው። ያለሽቦ የሚባሉት ድምፁን በአየር ይቀበላሉ እንጂ ኤሌክትሪክን በአየር አይቀበሉም። ስለዚህ ሻጩ «ሽቦ የለውም» ሲል አልዋሸም፤ የተናገረው ግን የነገሩን ግማሽ ነው። ከተቀመጡበት ሶፋ በስተኋላ የሚቆሙት ሁለቱ ማጉያዎች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ሶኬት ይፈልጋሉ። በብዙ ቤት ደግሞ ሶኬቱ የተሠራው በቴሌቪዥኑ በኩል እንጂ በሶፋው ጀርባ አይደለም። እንግዲህ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት በሳሎኑ ዙሪያ ተመላልሶ ሶኬቶቹን መቍጠርና የሚገኙበትን ማእዘን ማየት ዋናው ሥራ ነው። ይህን ሳያደርጉ የገዙ ሰዎች በኋላ ረጅም ማከፋፈያ ገዝተው ሽቦውን በምንጣፍ ሥር ሲያሳልፉት ይታያል። እንዲህ ያለው ሽቦ በእግር እየተረገጠ ልባሱ ሲላላ፣ ሙቀቱም መውጫ ሲያጣ እሳት ሊያስነሣ የሚችል ስለ ሆነ በማናቸውም ቤት እንዲደረግ አንመክርም። ከሽቦ ለመዳን ብሎ ሌላ ሽቦ መዘርጋትስ ምን ጥቅም አለው?

በሶፋው በኩል ሶኬት ለሌለው ቤት ባትሪ ያላቸው ዓይነቶች አሉ። ጄቢኤል የተባለው ኩባንያ ከሚሠራቸው ሳውንድባሮች መካከል አንዳንዶቹ የኋላዎቹ ማጉያዎች ከዋናው ባር ጫፍና ጫፍ ተነቅለው የሚወጡ ናቸው፤ ፊልም በሚታይበት ሰዓት ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ፊልሙ ሲያልቅም ወደ ቦታቸው ተመልሰው ባትሪያቸው ይሞላል። አንድ ጊዜ ከሞሉ ዐሥር ሰዓት ያህል እንደሚሠሩ ኩባንያው ይናገራል። ሶኒም ባትሪ ያላቸው የኋላ ማጉያዎች አሉት። ባትሪ ሁሉ በዓመታት ውስጥ እየደከመ የሚሄድ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ሆኖም ልጆች ለሚሯሯጡበት፣ እንግዳም ለሚበዛበት ሳሎን ይህ ዓይነት ከሁሉ ይልቅ የተመቸ ይመስለናል።

አሁን ደግሞ ድምፅ በዙሪያ እንዲሰማ ማድረግ ከየት እንደ መጣ በጥቂቱ እንግለጽ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ምርጫውን አይስትምና። አላን ብሉምላይን የተባለ የእንግሊዝ መሐንዲስ ከባለቤቱ ጋራ ሲኒማ ሲመለከት፣ በመጋረጃው ላይ ሰውየው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ድምፁ ግን ካንድ ስፍራ ሳይነቃነቅ መቅረቱን ታዘበ ይባላል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. ድምፅን በሁለት መስመር ቀርጾ የማሰማትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ዋልት ዲዝኒ «ፋንታዚያ» የተባለውን ፊልም ሲያወጣ ሙዚቃው በአዳራሹ ዙሪያ እንዲዘዋወር የሚያደርግ መሣሪያ አሠራ፤ ነገር ግን መሣሪያው እጅግ ውድና ብዙ ዕቃ የሚጠይቅ ስለ ነበረ ሊያስገቡት የቻሉ ሲኒማ ቤቶች ጥቂቶች ብቻ ሆኑ። በ1992 ዓ.ም. ዶልቢ ዲጂታል የተባለው ሥርዓት በሲኒማ ቤቶች ተጀመረ። ይህም በፊት ግራ፣ ቀኝና መካከል፣ በኋላ ግራና ቀኝ፣ ከዚህም ጋራ ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተለየ አንድ መስመር ያለው ነው። በመሣሪያዎች ካርቶን ላይ «5.1» ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር ትርጓሜው ይህ ነው፤ አምስቱ ሙሉ መስመሮች ናቸው፤ አንዱም የወፍራሙ ድምፅ መስመር ነው።

ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ ገዢዎች ብዙ የሚያስቡላቸው የኋላዎቹን ነው፤ ለቤተ ሰብ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የመካከለኛው ነው። በፊልም ውስጥ ሰዎች የሚነጋገሩት ንግግር አብዛኛው የሚወጣው በመካከለኛው መስመር ሲሆን፣ ከኋላ የሚወጣው የዝናም፣ የነፋስ፣ የገበያ ጫጫታና የሚያልፍ አውሮፕላን ድምፅ ነው። በቤት ውስጥ አረጋዊ አባት ወይም እናት ያሉ እንደ ሆነ ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሲያረጅ ጆሮው አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ እንደ ሰ፣ እንደ ሸ፣ እንደ ፈ ያሉት ፊደሎች ደግሞ የሚለዩት በዚሁ ቀጭን ድምፅ ነው። እናታችን «ድምፁስ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ሲሉ የሚናገሩት እውነታቸውን ነው። ለዚህ ችግር ድምፁን ሁሉ ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም፤ ጩኸቱ ከቃሉ ጋራ አብሮ ይጨምራልና። ይልቁንስ የመካከለኛውን መስመር ድምፅ ለብቻው ከፍ ለማድረግ የሚያስችል፣ ንግግርን የሚያጠራም ቍልፍ ያለው መሣሪያ መምረጥ ይገባል። እንዲህ ያለው ሳውንድባር ያለምንም የኋላ ማጉያ ቢገዛ እንኳ፣ ቀድሞ በጨዋታው ውስጥ ዝም ብለው ይቀመጡ የነበሩት አረጋዊ ከልጅ ልጆቻቸው ጋራ አብረው ይስቃሉ።

ቤተ ሰቡ አዘውትሮ የሚመለከተው ምን እንደ ሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል። ዜና፣ ቃለ መጠይቅና ብዙው ተከታታይ ድራማ፣ በዩቲዩብ የሚወጣውም አብዛኛው ነገር፣ የሚተላለፈው በሁለት መስመር ብቻ ነው። መሣሪያው ሁለቱን ወደ አምስት ከፍሎ ለኋላዎቹም ጥቂት ሊያካፍላቸው ይችላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀረጻ ያልነበረውን ዝናም ከኋላችን አያዘንምም። የፊልም ወዳጅ በሆነ ቤት የኋላዎቹ ማጉያዎች ለገንዘባቸው የሚበቃ ደስታ ይሰጣሉ፤ ማታ ማታ ዜና ብቻ ተመልክቶ ለሚተኛ ቤት ግን በመደርደሪያ ላይ የቆሙ ጌጦች ሆነው ይቀራሉ።

ስለ አቀማመጣቸው የሚጻፈው መመሪያ ሁሉ የተሰናዳው አንድ ሶፋ በክፍሉ መካከል ሆኖ ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊት ሲመለከት ነው። በዚህ መመሪያ የኋላዎቹ ማጉያዎች የሚቆሙት በቀጥታ ከጀርባ ሳይሆን በግራና በቀኝ፣ ከተቀመጠው ሰው ጆሮ ትይዩ ጥቂት ወደ ኋላ አልፈው ነው። በመለኪያ ሲነገር ከፊተኛው አቅጣጫ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይሆናል። በእኛ ሀገር ሳሎን ግን ሶፋዎቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው፣ ጠረጴዛው በመካከል ሆኖ፣ እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ፊት ለፊት እንዲተያዩ ተደርጎ ይዘጋጃል። ይህ መልካም ባህል ነው፤ ስለ ድምፅ ማጉያ ሲባል ይለወጥ አንልም። ነገር ግን በማእዘኑ የተቀመጠው እንግዳ ጆሮው ከማጉያው ጋራ ሊነካካ ይደርሳል፤ የቀሩት ሰዎች የወንዝ ፏፏቴ ሲሰሙ እርሱ ከሁሉ በላይ ዝናሙን ብቻ ይሰማል። መድኀኒቱ ማጉያዎቹን በመቆሚያ ወይም በግድግዳ ላይ ከተቀመጠ ሰው ራስ ጥቂት ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ፊታቸውንም ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ማዶው ግድግዳ ማዞር፣ ድምፃቸውንም ከፊተኞቹ ዝቅ ማድረግ ነው። ስለዚህ የኋላዎቹን ድምፅ ለየብቻ ለማስተካከል የማይፈቅድ መሣሪያ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ለእንዲህ ያለው ሳሎን አይስማማም።

ብልኀተኛ ነን የሚሉ አንዳንድ ሰዎች ሁለት ተራ የብሉቱዝ ማጉያዎች ገዝተው ከኋላ በማቆም የዙሪያ ድምፅ ለመሥራት ይሞክራሉ። ይህ እንዳይሳካ የሚያደርገው የጊዜ ነገር ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም አንዲትን ሜትር ለመሄድ ከሰከንድ ሺህኛ ክፍል ሦስት ያህሉን ይፈጅበታል ማለት ነው። ተራው ብሉቱዝ ግን ድምፁን ጠቅልሎ፣ ልኮ፣ እንደገና እስኪፈታው ድረስ ከሰከንድ ሺህኛ ከ100 እስከ 200፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው ጽሑፍ፣ ተመልካች የከንፈርና የድምፅ አለመስማማት የሚታወቀው ድምፁ ከሥዕሉ በሺህኛ 45 ሲቀድም ወይም በ125 ሲዘገይ እንደ ሆነ ተገልጿል። እንግዲህ በብሉቱዝ የሚሠራ የኋላ ማጉያ ንግግሩን ከፊተኛው በኋላ እየደገመ እንደ ገደል ማሚቶ ያሰማል። ለዚሁ ሥራ ተብለው የተሠሩት ማጉያዎች ግን በራሳቸው የሬዲዮ ሞገድ ይገናኛሉ፤ ዊሳ የተባለው ሥርዓት ለምሳሌ የሚዘገየው ከሺህኛ አምስት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ይህም ማጉያውን ወደ ሁለት ሜትር ግድም ወደ ኋላ እንደ ማራቅ ያህል ነው፤ ጆሮ አያውቀውም። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ «ብሉቱዝ» የሚል ቃል ብቻ ያየ ሰው ያ ዕቃ ሙዚቃ ከስልክ ለመስማት እንጂ ለኋላ ማጉያነት እንዳልተሠራ ይወቅ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የአንዱ ኩባንያ ማጉያ ከሌላው ጋራ ይስማማል ወይ የሚለው ነው። በአብዛኛው አይስማማም። የሶኖስ የኋላ ማጉያ ከሳምሰንግ ሳውንድባር ጋራ፣ የሳምሰንግም ከሶኒ ጋራ አይነጋገሩም፤ እያንዳንዱ የራሱን ቋንቋ ብቻ ያውቃል። እንግዲህ ሳውንድባሩን የገዛ ሰው ሳያውቀው ወደፊት የሚገዛቸውንም ሁሉ መርጧል ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ አንዱን ብቻ የሚገዛ ሰው፣ የዚያ ኩባንያ የኋላ ማጉያዎች በሀገሩ ገበያ ይገኙ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ደግሞም ብዙዎቹ በስልክ ላይ በሚጫን መተግበሪያ የሚታዘዙ ናቸው፤ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ መተግበሪያው ቢበላሽ ባለቤቱ ይቸገራል። በ2024 ዓ.ም. ሶኖስ መተግበሪያውን በአዲስ በለወጠ ጊዜ ብዙ ደንበኞቹ አዝነው አጕረመረሙ፤ በ2025 ዓ.ም. መጀመሪያም ዋና ሥራ አስኪያጁ ሥራቸውን ለቀቁ። ያለስልክ፣ በሪሞት ብቻ ድምፁን ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚቻልበትን ዕቃ የምንመርጠው ለዚህ ነው፤ በተለይም ስልክ መነካካት ለማይወዱ አረጋውያን።

በቴሌቪዥኑ ጀርባ ካሉት የኤችዲኤምአይ ቀዳዶች በአንዱ ላይ «ኤአርሲ» ወይም «ኢኤአርሲ» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት ይገባል፤ ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሳውንድባሩ የሚሄደው በእርሱ ነው። ሁለተኛው ከፊተኛው የሰፋ መንገድ ነው፤ ከኢንተርኔት ለሚታይ ፊልም ግን የመጀመሪያውም ይበቃል።

ሻጮች አሁን አብዝተው የሚያመሰግኑት ዶልቢ አትሞስ የተባለውን ነው። ይህ በ2012 ዓ.ም. በሲኒማ ቤት የተጀመረ ሲሆን፣ ድምፅን ከዙሪያ ብቻ ሳይሆን ከራስ በላይም የሚያሰማ ነው። ለቤት የሚሠሩት ብዙዎቹ ማጉያዎች ድምፁን ወደ ላይ ተኩሰው ከኮርኒሱ ነጥሮ እንዲመለስ ያደርጋሉ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በኮርኒሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጠፍጣፋና ጠንካራ፣ ቁመቱም ከ2.3 እስከ 3.6 ሜትር ባለው ውስጥ የሚሆን ኮርኒስ ድምፁን በደኅና ይመልሳል፤ የኮንዶሚኒየም ቤቶች የሲሚንቶ ጣራ ለዚህ ይስማማል። በአቡጀዲ የተወጠረ ኮርኒስ ግን ድምፁን ይውጠዋል፤ ተዳፋት የሆነው ደግሞ ወደማይፈለግበት ማእዘን ይወረውረዋል። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ለአትሞስ የሚጨምረውን ገንዘብ ለመጋረጃና ለምንጣፍ ቢያውለው ይሻላል። ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት፣ ግድግዳውም ባዶ የሆነ ሳሎን ድምፁን እያስተጋባ ቃሉን ስለሚያደፈርሰው፣ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ በማናቸውም ማጉያ ላይ የሚጨምሩት ጥራት የሚያስደንቅ ነው።

ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ሣጥን፣ ሰብዉፈር የሚባለው፣ የራሱ ጠባይ አለው። ጆሮ የዚህን ድምፅ መነሻ አቅጣጫ ለይቶ ስለማያውቅ በፈለጉበት ሊያስቀምጡት ይቻላል፤ በማእዘን ሲሆን ግን ጕልበቱ ይጨምራል። በፎቅ ለሚኖሩ ሰዎች ይህ ሣጥን የጎረቤት ጠብ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ወፍራሙ ድምፅ በሲሚንቶው ውስጥ አልፎ ከታች ላለው ቤት የሚደርሰው ንግግሩና ዜማው ቀርቶ ድብደባው ብቻ ነውና፣ ለባለቤቱ ሙዚቃ የሆነው ለጎረቤቱ ሌሊቱን ሙሉ በር እንደ ማንኳኳት ይሆንበታል። የሌሊት ማዘዣ ያላቸው መሣሪያዎች ከፍተኛውን ጩኸት ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይህንን መጠቀም ጨዋነት ነው። ስለ ልጆች ጆሮም የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለዐዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል እንዳያልፍ፣ ለልጅ ደግሞ ለዚሁ ያህል ሰዓት ከ75 እንዳይበልጥ ነው። በስልክ ላይ ድምፅ የሚለካ መተግበሪያ ጭኖ ልጆቹ ከሚቀመጡበት ስፍራ ላይ መለካት ቀላል ሥራ ነው፤ ፍጹም ትክክል ባይሆንም ግምቱን ይሰጣል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን እንዲህ ያለውን ዕቃ ገዝተው መላክ ይወዳሉ፤ ፍቅራቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ነው። በዕቃው ጀርባ ወይም ከታቹ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል፤ «100–240» የሚል ከሆነ በሁለቱም ሀገር ይሠራል፤ «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ያለትራንስፎርመር ከግድግዳው ጋራ ባገናኙት ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ሳውንድባሩ በሁለቱም የሚሠራ ሆኖ ሰብዉፈሩ በ120 ብቻ የሚሠራበት ጊዜ ስለሚኖር እያንዳንዱን ለየብቻው መመርመር ነው። ከዱባይ የሚመጣው የቮልት ችግር የለበትም፤ መሰኪያው ግን ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ስለ ሆነ መቀየሪያ ይሻል። መብራቱ በድንገት ከፍና ዝቅ ለሚልበት ሰፈር ስታብላይዘር አብሮ መግዛት ተገቢ ነው፤ የማጉያዎቹ ቍጥር በበዛ መጠን በአንድ ቀን ሊበላሽ የሚችለውም ይበዛልና።

ገንዘቡ ለሁሉ በአንድ ጊዜ ካልበቃ፣ ለመካከለኛው የተለየ ማጉያ ያለውን ደኅና ሳውንድባር ማስቀደም፣ ሰብዉፈሩን ማስከተል፣ የኋላዎቹንም በመጨረሻ መግዛት ይሻላል። ብዙ ሰው ይህንን ገልብጦ፣ ቍጥራቸው የበዛ ርካሽ ማጉያዎችን በአንድ ካርቶን ገዝቶ ይገባል። ሻጩ በሱቁ ውስጥ የሚያሰማው ሁልጊዜ ፍንዳታና የመኪና እሽቅድምድም ስለ ሆነ፣ ገዢው ዜና እንዲከፍትለት ይጠይቅ፤ ድምፁንም ዝቅ አስደርጎ ቃሉ እንደሚለይ ያዳምጥ። ከተቻለም ከመግዛቱ በፊት ባይስማማ የሚመልስበትን ቀን በደረሰኙ ላይ ያጽፍ። ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ማታ እናታችን በተለመደው ስፍራቸው ተቀምጠው፣ ድምፁ እንደ ወትሮው ሆኖ ሳለ፣ የተናጋሪውን ቃል ሰምተው ይድገሙት።